ቁልቁለት የሌለው አገር

ጥቅምት 2፣ ሰኞ

ደረስን። ግማሹ ዕቃ ገና ካርቶን ውስጥ ነው፤ ድስቱን ከጫማ ጋር ነው ያሰርኩት። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ አንድ፣ መስኮቱ ሦስት። በሦስቱም የሚታየው በቆሎ ነው። በአራተኛው ግድግዳ መስኮት ያላወጡለት እዚያም ያው በቆሎ ስለሆነ ይመስለኛል።

አባዬ ከጭነት መኪናው ወርዶ ዙሪያውን ቃኘና «ከተማው ወዴት ገባ?» አለ። ሾፌሩ ሳቁን ለቀቀው። ጥሩ ቀልድ ነው ብዬ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ደክሞኛል። ሌላውን ነገ።

ጥቅምት 4፣ ረቡዕ ማታ

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ እንዲህ አለፈ፤ ያልተላክሁበት ሰው ከብት ከትቤ መጣሁ።

ኃላፊው ወፍራም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሞተር፣ የክትባት በረዶ ሳጥንና ሰው ለብሶ የጨረሰው ጃኬት አስረከበኝ። ከዚያ መንገዱን ነገረኝ። «ዋናውን ቦይ፣ ካናሉን፣ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ የሟቹን ማሳ እንዳለፍሽ ወደ ውስጥ ትታጠፊያለሽ፣ ከዚያ የመንታዎቹ ግቢ ነው። አይጠፋሽም።»

«የሟቹ ማሳ በምን ይታወቃል?»

«እንዴ! እሱን የማያውቅ ማን አለ?»

እኔ አለሁ። የሟቹም በቆሎ በሕይወት ያለውም ሰው በቆሎ አንድ ነው፤ ሁለቱም ከቁመቴ በላይ ቆመው ቁልቁል ያዩኛል። መንገዱ ሁሉ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሄድና ሌላ ቀጥ ያለ መንገድ ያቋርጠዋል። እኛ ከተማ መንገድ የየራሱ አመል አለው። አንዱ ያስለከልካል፣ አንዱ ጉልበት ያንቀጠቅጣል፣ አንዱ ያንሸራትታል፤ ዓይንህን ጨፍነህ ሂድ ብትባል እግርህ ይነግርሃል። እዚህ እግሬ ምንም አይነግረኝም። ስንተኛው ቦይ ላይ እንዳለሁ ጠፋኝና ከፊቴ ያገኘሁት ግቢ ገባሁ። ሰውየው ምን ቸገረው፣ ላሞቹን አሰልፎ አስወጋና መርቆ ሸኘኝ። መንታዎቹ ግን ከብቶቻቸውን አስረው ሲጠብቁኝ ዋሉ።

ኃላፊው አልጮኸብኝም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «የሙከራ ጊዜሽ ሦስት ወር መሆኑን ታውቂያለሽ» ብሎ ሻዩን ፉት አለ። ክትባቱ ከሞቀ ይጣላል፤ እኔ መንገድ ላይ ስባዝን በረዶው ይቀልጣል። ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል፣ የመሥሪያ ቤቱ ነውና። ያኔ አባዬን ይዤ የት ልገባ ነው?

ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ

አባዬ ጠዋቱን ሙሉ ከደጁ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል አረፈደ። ምን ጠፋህ ስለው «ቁልቁለቱ» አለኝ።

ገባኝ። ከተማችን ገደል ላይ የተለጠፈች ናት፤ ቤታችን ደግሞ ታች፣ ድልድዩ አጠገብ። አባዬ ዕድሜውን የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ያላንኳኳው በር የለም፣ ያልነከሰው ውሻም ጥቂት ነው። እኔንና ወንድም ጋሼን ገና ፊደል ሳንቆጥር ያስተማረን ይህንኑ ነበር። «ከጠፋችሁ አታልቅሱ፣ ውረዱ። ዝም ብላችሁ ውረዱ፣ ቤት ናችሁ።» አንድም ቀን ጠፍተን አናውቅም።

ከሰዓት በኋላ በብርጭቆ ውሃ ይዞ ወጣና መሬቱ ላይ ደፋው። ወዴት እንደሚፈስ ሊያይ ነው። ውሃው የትም አልሄደም፤ እዚያው እንደተቀመጠ ሰመጠ። አባዬ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና ቀና አለ። «ይሄ መሬት ታሟል» አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ።

አዲስ ቦታ ማንንም ግራ ያጋባል። እኔስ ያልተላክሁበት ከብት ከትቤ የለ እንዴ።

ጥቅምት 11፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። ከመስኖው ፓምፕ ወዲያ ያሉት ግቢዎች ዛሬ ማለቅ አለባቸው። አባዬ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል፣ ስመለስ አስተካክልለታለሁ። ዳቦው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሻዩ ፔርሙስ ውስጥ። ጋዙን ዘግቻለሁ? ዘግቻለሁ።

ማታ። አልዘጋሁትም ነበር። ስገባ ቤቱ ሸቷል፣ አባዬ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። የኔ ዝርክርክነት ነው። እሱ ምን ያድርግ፣ ሽታም አልሸተተኝም ነው ያለው።

ጥቅምት 15፣ እሑድ

ወንድም ጋሼ ደወለ። የሚደውለው ሁልጊዜ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ሆዱ ሞልቶ ልቡ ሲራራ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። አባዬን ለምን ወደ ራሱ እንዳልወሰደው ባልጠየቅሁት ቁጥር ያስረዳኛል፤ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ልጆቹ ፈተና አለባቸው፣ ሚስቱን ወገቧን ያማታል። የሴትየዋን ወገብ ከራሴ ወገብ ይልቅ አውቀዋለሁ።

«እንዴት ነው አባዬ?» አለኝ።

«ደህና ነው። ትንሽ ይረሳል።»

«እስቲ ስጪኝ።»

አባዬ ስልክ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል። ወገቡን ቀጥ አድርጎ «አለን ልጄ፣ አየሩ ተስማምቶኛል። ልጆቹ እንዴት ናቸው? በትምህርት እንዲበረቱ ንገራቸው» እያለ እንደ ትልቅ ሹም ያወራል። ስልኩ ወደ እኔ ሲመለስ ወንድም ጋሼ እየሳቀ ነበር።

«አንቺ ደግሞ ስታካብጂ! ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ነው እኮ!»

ዘጋሁት። አባዬ ወደ እኔ ዞሮ «ማን ነው?» አለኝ።

«ወንድም ጋሼ ነዋ!»

«ጨዋ ሰው ነው» አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም እኔን አይቶ ሳቀ። ኋላ ወጥ ቤት ገብቼ ብቻዬን ስቆም ሳቄ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ከተማ ሳለንም አባዬ ሁለት ሦስት ጊዜ የሰው ቤት ገብቶ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ ተገኝቷል። ያኔም ቆጣሪ ሊያነብ ገብቶ ነው ብለን ሳቅን። ሸምግሏል፣ ይደክመዋል፣ ሌላ ነገር የለም። ሥራዬ ይጽናልኝ እንጂ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ።

ጥቅምት 19፣ ሐሙስ

ስመለስ ባለወፍጮዋ ደጃችን ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከቤታችን ወዲህ ያለችው ብቸኛ ጎረቤት እሷ ናት፤ ቅንድቧ ሳይቀር ዱቄት ነው። አባዬን ክንዱን ይዛዋለች።

«እህት ዓለም፣ አባባን ካናሉ ድልድይ ላይ ነው ያገኘኋቸው። ወዴት ነው ብላቸው ወደ ቤት እየወረድኩ ነው አሉኝ።»

«መንሸራሸር ይወዳል» አልኳት።

አየችኝ። «ይሁን። ግን ይሄ በቆሎ ሰው ይውጣል። እኔ ተወልጄ ያደግሁበት ነኝ፣ ብቻዬን አልገባበትም። ሥራ ስትሄጂ እኔ ጋ ተያቸው። ወፍጮው ቢጮኽም ጥላ አለ፣ ሰው አለ።»

«አይ፣ አናስቸግርሽም። ቤቱ ይሻለዋል።»

ለምን እንቢ እንዳልኩ አላውቅም። በነጋታው አገሩ ሁሉ እንዲያወራበት ነው? ወፍጮ ቤት የማይመጣ ሰው የለም። አባዬ ደግሞ እዚያ ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ ቆጣሪህ ስንት ነው እያለ ሲጠይቅ ታየኝ።

ጓጉንቸር ቁልፍ ገዛሁ። አገሩን ገና አላወቅነውም፣ ሌባ አይጠፋም።

ጥቅምት 24፣ ማክሰኞ ማታ

ጠዋት ከውጭ እቆልፋለሁ። አባዬ መስኮቱ ጋ ቆሞ እጁን ያወዛውዝልኛል፣ እኔም አወዛውዝለታለሁ። ስለ ቁልፉ ሁለታችንም አናነሳም።

ዛሬ ሞተሩን ሳስነሳ በመስኮቱ ፍርግርግ «እትዬ፣ እኔም ልምጣ?» አለኝ። እትዬ የሚላት ታላቅ እህቱን ነበር። እናት ሆና ያሳደገችው እሷ ናት፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተችው። ድሮም እሷን ትመስያለሽ ይሉኛል። ለዚያ ነው እንዲያ ያለኝ።

«ማታ እመጣለሁ» አልኩት። ልጁ ሆኜ ይሁን እህቱ ሆኜ ያልኩት አላውቅም።

ስመለስ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ ኮቱን ለብሶ ተቀምጧል። እንደዚያው ውሏል መሰለኝ፤ ዳቦው አልተነካም። ሱሪው ርሷል። «ሻይ ደፋሁ» አለኝ ፊቱን አዙሮ። ፔርሙሱ እንዳለ ነው። «ሻይ አይደለም እንዴ፣ ይታጠባል» አልኩት። አጥቤ አስጥቼዋለሁ።

ሰው አባቱን ይቆልፋል? ይቆልፋል። እኔ አለሁ።

ጥቅምት 28፣ ቅዳሜ

ለማንም የማልነግረው ነገር ስለሆነ እዚህ ልጻፈው።

ሽንቴ ወጥሮኝ ሞተሩን ሳላጠፋ መንገድ ዳር አቁሜ በቆሎው ውስጥ ገባሁ። ብዙም አልራቅሁም። ተነስቼ ቀበቶዬን ሳስር ግን የገባሁበት ጠፋኝ። ሞተሩ ሲንደቀደቅ ይሰማኛል። ከፊቴ ነው ብዬ ስሄድ ከኋላዬ ይሆናል፣ ስዞር ከጎኔ ይሆናል። አገዳው ሁሉ አንድ ነው። ቅጠሉ ፊቴን ይቧጭረኛል፣ ሰማዩ እንኳን የሚታየው እንደ ክር ቀጥኖ ነው። መሮጥ ጀመርኩ። ምን እንደሚያስሮጠኝ አላውቅም፣ ብቻ እየሮጥኩ አለቅስ ነበር። በመጨረሻ አንዱን ተርታ ይዤ፣ ጆሮዬን ዘግቼ፣ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። የወጣሁት በሌላ መንገድ ነው፤ ዞሬ ዞሬ ሞተሬን አገኘሁት።

አንዲት ትልቅ ሴት፣ የከብት ሐኪም ረዳት፣ ሽንት ሸንታ ጠፋች ቢባል ኃላፊው ሻዩ ትን ይለዋል። ክትባቱ ደህና ነበር።

ኅዳር 3፣ ሐሙስ

ቢሮው ጓሮ መርፌ ሳጥብ የሰማሁት። ኃላፊውና ውሃ ከፋቹ መስኮቱ ሥር ቆመው ያወራሉ። ውሃ ከፋቹ በብስክሌት እየዞረ የቦዮቹን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ረጅም ሰውዬ ነው፤ በየቀኑ በደጃችን ያልፋል።

«ሽማግሌው ሁሌ መስኮት ላይ ናቸው» ይላል። «ሳልፍ ሰላም ይሉኛል። አንድ ቀን ልጄ ክፈትልኝ አሉኝ፣ አንጀቴን በሉት።»

«ቆልፋባቸው ነው እኮ የምትመጣው» አለ ኃላፊው በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ። «ለከብት የምታዝነውን ያህል ለአባቷ ብታዝን ምናለ።»

መርፌው እጄን ወጋኝ። ጆሮዬ እስካሁን ይግላል። ወጥቼ ምን ልበላቸው? ቆልፌው ስሄድ አንድ ቀን ሙሉ እንደሚያመኝ ልንገራቸው? እነሱ አባት የላቸውም? አላቸው፤ ግን የሚያዩላቸው ሚስቶቻቸው ናቸው።

ኅዳር 4፣ ዓርብ

ቁልፉን ትቼዋለሁ። የሰው አፍ ፈርቼ አይደለም። አባቴ ነው፣ እስረኛ አይደለም።

«አባዬ፣ ከዚህ ደፍ እንዳታልፍ። እስክመጣ ድረስ።»

«የት እሄዳለሁ?» አለ ቅር ብሎት። ማለልኝም። መንገድ ላይ ሁለቴ ተመልሼ ላየው ብዬ ነበር፣ በረዶው ይቀልጣል ብዬ ተውኩት። ማታ ስገባ ወንበሩ ላይ ነበር።

ኅዳር 8፣ ማክሰኞ ማታ

ደህና ቀን። እንዲህ ያለ ቀን ስለማይበዛ በደንብ ልጻፈው።

የመንታዎቹን ግቢ ማንንም ሳልጠይቅ አገኘሁት! የሟቹ ማሳ ማለት መግቢያው ላይ የዘመመ የመብራት ምሰሶ ያለበት ነው፤ ይህን ለመናገር ወር ሙሉ ምን ከለከላቸው? መንታዎቹ ወተት አጠጡኝ። ከመንታዎቹ አንዱ «አሁን የእኛ ሰው ሆንሽ» አለኝ፣ የትኛው እንደሆነ ግን አልለየሁትም። ኃላፊውም «እንዲህ ከቀጠልሽ ሙከራሽ ሲያልቅ ውሉን እንፈራረማለን» አለ። እንቅልፍ የሚሉትን ነገር ዛሬ አገኘዋለሁ መሰለኝ።

ቤት ስገባ አባዬ አእምሮው ጥርት ብሎ ጠበቀኝ። ፀጉሩን እያበጠርኩለት የድሮ ውሾቹን አወራልኝ። አንድ አንካሳ ውሻ ነበር፤ ቆጣሪ በሚነበብበት ቀን ቀድሞ ወጥቶ በር ላይ ይቆማል፣ ይነክሰዋል፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ቤት ይሸኘዋል። «ሥራውን የሚያከብር ውሻ ነበር» አለኝ። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። በስሜ ጠራኝ። ከመጣን ወዲህ በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው።

አጨዳው ተጀምሯል። ኮምባይነሩ ከሩቅ ያጓራል፤ እሱ ያለፈበት ቦታ እንደ ተላጨ ራስ ገላጣ ሆኗል። የቤታችን ዙሪያ ዓርብ ይታጨዳል አሉ። ያኔ ቢያንስ ዓይናችን የሚያርፍበት ይኖራል።

ኅዳር 10፣ ሐሙስ፣ ሲመሽ

የምጽፈው አፌን እንድዘጋ ስለተነገረኝ ነው። እጄ ሥራ ካልያዘ እጮኻለሁ።

አባዬ የለም።

ዛሬ ቶሎ ነው የተመለስኩት፣ ፀሐይ ገና ነበረች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኮቱ የለም፣ ጫማው የለም። አልጋው ሥር፣ ጓሮ፣ ሽንት ቤት አየሁ። ከደጁ ፊት ለፊት በቆሎው ትንሽ ተከፍቶ አገዳው ተሰብሯል። በዚያ ነው የገባው።

ተከትዬው ልገባ አልኩና ያቺ ቀን ትዝ አለችኝ፤ እኔም እጠፋለሁ። ስለዚህ ሞተሬን አስነስቼ ማሳውን ዞርኩት። በሦስት ወገን መንገድ ነው፣ በአራተኛው ዋናው ካናል። በየጥጉ አቆማለሁ፣ «አባዬ!» ብዬ እጮኻለሁ፣ ትንሽ እጠብቃለሁ፣ መልስ የለም፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ድልድዩን ተሻግሬ ከካናሉ ማዶም ጠራሁት። እዚያ ብዙ ቆየሁ፤ አገዳው የተነቃነቀ መስሎኝ ነበር። ነፋስ ይሆናል ብዬ ተመልሼ ከቤቱ በኩል ጠራሁ። እንደገና ዞርኩ። ስንቴ እንደዞርኩ አላውቅም። ጉሮሮዬ ደም ደም አለኝ።

ባለወፍጮዋ ወፍጮዋን አጥፍታ እየሮጠች መጣች፣ ውሃ ከፋቹም በብስክሌቱ። አቅፋ የምታባብለኝ መስሎኝ ነበር። እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ከየአቅጣጫው ስትጣሪ የነበርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ...»

«ዝም በይ! ካሁን በኋላ ቃል እንዳይወጣሽ!»

ውሃ ከፋቹ ከወፍጮ ቤት የተሰበረ የማረሻ ብረት አምጥቶ ደጃችን ላይ ሰቀለው። እሷ በመዶሻ ትመታዋለች። ትመታለች፣ ትጠብቃለች፣ ትመታለች። ሌላ ድምፅ የለም። የትራክተር ነጂዎቹ ሳይቀሩ ሞተራቸውን አጥፍተው ቆመዋል። እዚህ ሰው በቆሎ ውስጥ ሲጠፋ በስሙ አይጠራም አለችኝ፣ በሹክሹክታ። አንድ ቦታ፣ አንድ ድምፅ። እዚያ ውስጥ ያለ ሰው ድምፅ ይዞ ነው የሚወጣው። ድምፁ ቦታ ከቀየረ እሱም ይዞራል።

«ማን ነገረኝ?» አልኳት።

«ማንም አልነገረሽም» አለች። «እኛ ሕፃን ሆነን ነው የምናውቀው። ለትልቅ ሰው ይነገራል ብሎ ማን ያስባል።»

ትመታለች። ትጠብቃለች። ሌሎቹ ተርታ ገብተው ባትሪ ይዘው በዝምታ እየሄዱ ነው። እኔ ደፉ ላይ እንድቀመጥ አዘዙኝ። እያንዳንዱ የቅጠል ኮሽታ እሱ ይመስለኛል።

አባዬ፣ ብረቱን ይዘህ ና። እኔ ዝም ብያለሁ።

ኅዳር 11፣ ዓርብ

አገኙት። ውሃ ከፋቹ ጠዋት የውሃውን በር ሊዘጋ ሄዶ፣ የካናሉ ፍርግርግ ላይ።

ኅዳር 13፣ እሑድ

ትናንት ቀበርነው። ወንድም ጋሼ ሌሊቱን ተጉዞ ደረሰ። ወደ ከተማችን እንውሰደው ብሎ ነበር፣ አስከሬኑን ያየው ሐኪም ጊዜ አይሰጥም አለ። መሬቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ጉድጓዱ ሲቆፈር የተከመረው አፈር በዚህ አገር ያየሁት የመጀመሪያው ጉብታ ነው። ባለወፍጮዋ ከአጠገቤ አልተለየችም። ኃላፊው አንገቱን ደፍቶ ከሩቅ ቆመ።

ዛሬ ጠዋት ወንድም ጋሼ ተኝቶ ሳለ ወጣሁ። የኮምባይነሩ ባለቤት ማሳውን ሳያጭድ ትቶታል፤ ውሃ ከፋቹ ነው አስቁሙት ያለው። ደጁ ላይ ቆሞ አገኘሁት። የአባዬን ዱካ ባላይ ይሻለኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይሻለኝም፣ አሳየኝ አልኩት።

መንገዱ ትቢያ ነው፤ የረገጠውን ሁሉ ይዞ ያስቀምጣል። የአባዬ የቀኝ ጫማ ተረከዝ በአንድ ወገን ያለቀ ነው፣ ከዕድሜ ልክ ቁልቁለት። የትም ባየው አውቀዋለሁ። በመጀመሪያው ጥግ ሞተሬን ባቆምኩበት ቦታ በቆሎውን ጥሶ ወጥቷል። ዱካው የጎማዬ ምልክት ላይ ነው፣ በላዩ። እኔ ከሄድኩ በኋላ የወጣ ነው ማለት ነው። መንገዱ መሀል ቆሟል፤ እግሩ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ረግጧል። ከዚያ ተመልሶ ገብቷል።

ሁለተኛው ጥግም እንደዚያው። ሦስተኛውም። እዚያማ መንገዱን ይዞ ጎማዬን ተከትሎ ትንሽ ሄዷል፤ ከዚያ በሌላ ወገን ጠርቼው ይሆናል፣ ታጥፎ በቆሎው ውስጥ ገብቷል። ውሃ ከፋቹ ከኋላዬ ይመጣል። በደንብ የሮጠ ሰው ዱካ ነው፤ እርምጃው ሰፊ ነው። በዚያ ጉልበቱ።

ካናሉ ጋ ስንደርስ «ይብቃሽ» አለኝ። አልበቃኝም። ከበቆሎው የወጣበት ቦታ ከማዶው፣ እኔ ብዙ ቆሜ ከጠራሁበት ቦታ፣ ልክ ፊት ለፊት ነው። ሞተሬን ያቆምኩበት ከዚህ ማዶ ይታያል። ዱካው አልተንከራተተም፣ አልዞረም። የካናሉ ዳር ወደ ውሃው ያዘቀዝቃል፤ በዚያ ቁልቁል ወርዷል።

አገዳው የተነቃነቀ መስሎኝ ነበር። ነፋስ ነው ብዬ ሄድኩ።

ኅዳር 16፣ ረቡዕ

ኃላፊው ውሉን ቤት ድረስ ይዞ መጥቶ አስፈረመኝ። የሙከራ ጊዜሽን ማጠናቀቅ አያስፈልግም አለ። ሰው አዝኖልኝ ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ። እጄን ጨብጦ «ያን ቀን የተናገርኩትን ሰምተሽ እንደሆነ...» ብሎ ጀመረ። «ምኑን?» አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ።

ማሳው ታጨደ። ካናሉ፣ ድልድዩ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የሟቹ የዘመመ ምሰሶ፣ ሁሉም ከመስኮቴ ይታያል። ሁሉም ቅርብ ነው።

ወንድም ጋሼን አውቶብስ ማቆሚያ ድረስ ሸኘሁት። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከመጣ ጀምሮ ሊጠይቀኝ የፈለገው ነገር እንዳለ አውቄያለሁ፤ የሚጠይቀኝ ለምን አልቆለፍሽም ብሎ መስሎኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

«ጠርተሽው ነበር?» አለኝ።

«ድምፄ እስኪዘጋ።»

«ታዲያ እንዴት ሳይሰማሽ ቀረ?»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰምቶኛል ልለው። በጠራሁት ቁጥር ሥራውን ጥሎ እንደሚመጣ ሰው እየሮጠ መጥቷል፣ እኔ ነኝ ያልጠበቅሁት ልለው ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፣ የሸሚዙ አንገት ቆሽሿል፤ የአባዬን አገጭ ነው የያዘው፣ ከዚህ በፊት አላስተዋልኩትም።

«ጆሮው ደክሞ ነበር» አልኩት።

ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «አውቄዋለሁ» አለ። «በስልክ ሳናግረው አውቄዋለሁ። ዝም ብሎ የራሱን ነበር የሚያወራው። ሐኪም ቤት ወስጄ ጆሮውን ባሳየው፣ ማዳመጫ ባደርግለት ኖሮ! አንቺ ደግመሽ ደጋግመሽ እየነገርሽኝ ታካብጃለሽ አልኩሽ። የኔ ጥፋት ነው።»

አባዬ ባለወፍጮዋ ገና ወፍጮዋን ልታጠፋ ስትል ከቤት ሆኖ ድምፁን ሰምቶ «ጨረሰች» የሚል ሰው ነበር።

ወንድም ጋሼን አቀፍኩት። ያንተ ጥፋት አይደለም አልኩት፣ ደጋግሜ። አላመነኝም። አውቶብሱ እስኪመጣ ድረስ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ፤ ሲሳፈርም በመስኮቱ ይቅር በይኝ አለኝ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት።